የኤሌክትሪክ ማሞቂያን በእንጨትና በጭቃ ግድግዳ ላይ በደኅንነት ስለ መግጠም

ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ሌሊቶች ውርጭ ይዘው ይመጣሉ። በእነዚህ ወራት ከሰል አቀጣጥሎ መኝታ ቤት ማስገባትና በር ዘግቶ መተኛት የቆየ ልማድ ቢሆንም፣ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ሊገድል ይችላል። በከሰሉ ፋንታ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መግዛት ስለዚህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ጥያቄው የሚነሣው ማሞቂያው ከካርቶኑ ከወጣ በኋላ ነው። አብሮት የሚመጣው መመሪያ ብዙውን ጊዜ ግድግዳው ጡብ ወይም ኮንክሪት እንደሆነ ቆጥሮ የተጻፈ ነው፤ በላስቲክ የታሸጉት ፊሸሮችም (ቪቴ እንዲይዝ ቀዳዳ ውስጥ የሚገቡት የፕላስቲክ መሰኪያዎች) ለዚያው የተሠሩ ናቸው። የእኛ ግድግዳ ግን በብዙ ቤት በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ላይ የተመረገ ጭቃ፣ ወይም አንዱን ክፍል ለሁለት የሚከፍል ችፕውድ፣ ወይም ጣውላ ነው። በዚህ ዓይነት ግድግዳ ላይ ማሞቂያ መስቀል ይቻላል፤ ነገር ግን ከፊት ለፊቱ ይልቅ ለጀርባውና ለገመዱ መጠንቀቅን ይጠይቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ ቤት፣ አራት የብርድ ወቅት ያገለገለን ማሞቂያ ለቀለም ሥራ ብለን ከግድግዳው ስናነሣ ከኋላው የነበረው ጣውላ የተቆላ ቡና መስሎ አገኘነው። ጠርዙ ላይ ቡናማ የነበረው ቀለም ወደ መሐል እየጠቆረ ሄዶ፣ የላይኛው ቪቴ በገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ፍጹም ከሰል ሆኗል። በጥፍር ስነካው ዱቄት ሆኖ ረገፈ። በአራቱም ዓመታት ጭስ ያየ፣ ሽታ የሸተተውም ሰው አልነበረም። ማሞቂያው ምንም ብልሽት የለበትም፤ የተሰቀለው ግን ጀርባው ከጣውላው ጋር ተጣብቆ ነበር።

ይህ የሆነው እንጨት ለመበላሸት ነበልባል ስለማያስፈልገው ነው። በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዲቀጣጠል አብዛኛውን ጊዜ ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ቢፈልግም፣ ከ100 ዲግሪ ብዙም ባልራቀ ሙቀት ለወራትና ለዓመታት ሲጠበስ እርጥበቱ ያልቃል፣ ይጠቁራል፣ ቀስ በቀስም ወደ ከሰልነት ይለወጣል፤ ከሰል የሆነው እንጨት ደግሞ ከደኅነኛው እንጨት ባነሰ ሙቀት ይያያዛል። ስለዚህ «ሁለት ዓመት ሠርቷል፣ ምንም አልሆነም» የሚለው አባባል በእንጨት ግድግዳ ላይ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

የትኛው ማሞቂያ ይሰቀላል

ለእንጨት ግድግዳ የሚስማማው ቀዝቃዛውን አየር ከሥሩ ስቦ፣ አሙቆ በአናቱ የሚለቀው፣ ጠፍጣፋ ሣጥን የሚመስለው ዓይነት ነው። በውስጡ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታትና ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን የሚያቋርጥ መከላከያ ሊኖረው ይገባል። ዘንጉ ቀልቶ እየበራ የሚያሞቀው የኳርትዝ ወይም የሃሎጂን ማሞቂያ በእንጨት ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አልመክርም፤ የሚረጨው ጨረር ከፊት ለፊቱ ያለውን መጋረጃና አልጋ በቀጥታ ያግላል። ዘይት የተሞላውና በጎማ የሚንከባለለው ማሞቂያ ደግሞ ወለል ላይ እንዲቆም የተሠራ ስለሆነ፣ ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ በብረት ታስሮ መሰቀል የለበትም።

ከመግዛትዎ በፊት መመሪያውን አስከፍተው ሁለት ነገር ይፈልጉ። የመጀመሪያው በሚቃጠል ግድግዳ ላይ መስቀል ይፈቀዳል ወይስ ይከለከላል የሚለው ነው፤ ከተከለከለ ከኋላው የሚደረግ ምንም ዓይነት መከላከያ ክልከላውን አያነሣውም። ሁለተኛው ከሥሩ፣ ከጎኑ፣ ከአናቱና ከፊቱ መተው ያለበት ርቀት ነው። መመሪያው ስለ ርቀት ጭራሽ የማይናገር ከሆነ ያን ማሞቂያ ሌላ ቤት ይስቀለው እንጂ የእንጨት ግድግዳ ላይ አይሁን።

ግድግዳውን መመርመር

በጭቃ ቤት ውስጥ ክብደት የሚሸከመው ቋሚው ነው። ጭቃው ቪቴም ፊሸርም አይዝም፤ ሲሰረሰር ይፈረካከሳል፣ ማሞቂያው ሲሞቅና ሲበርድም ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። ማገሩም ቢሆን ቀጭን ስለሆነ አይታመንም። ቋሚው የት እንዳለ ለማወቅ ግድግዳውን በጣት አጥንት ወይም በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ እየመቱ ድምፁን ማዳመጥ ይረዳል፤ ድምፁ ደፈን ብሎ በሚጠነክርበት ቦታ በ2 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቢወጉና ከቀዳዳው የእንጨት ፍርፋሪ ቢወጣ ቋሚው ተገኝቷል ማለት ነው፤ አፈርና ጭድ ብቻ ከወጣ ግን ትንሽ ወደ ጎን ይሞክሩ። ከዚህ ሁሉ በፊት ዋናው ብሬከር መጥፋት አለበት። በቆዩ ቤቶች ሽቦው በልስኑ ሥር አንዳንዴ በሰያፍ ሳይቀር የሚያልፍ በመሆኑ የት እንዳለ በግምት ማወቅ አይቻልም።

የጭቃ ግድግዳ «ጭቃ ስለሆነ አይቃጠልም» ብሎ መዘናጋትም አይገባም። ምርጊቱ ሳይሰነጠቅ እስካለ ድረስ እንጨቱን ይጠብቀዋል፤ ሲሰነጠቅ ግን በውስጡ ያለው ደረቅ ጭድና ማገር ለሙቀት ይጋለጣል። አንዳንድ ቤት ደግሞ በልስኑ ላይ ጋዜጣ ወይም የግድግዳ ወረቀት ተለጥፏል፤ ማሞቂያው በሚያርፍበትና በዙሪያው ያለው ወረቀት እስከ ልስኑ ድረስ ተልጦ መነሣት አለበት።

ችፕውድ የራሱ ድካም አለው። ከተጨፈለቀ የእንጨት ፍርፋሪና ሙጫ የተሠራ ስለሆነ ቪቴ ሲገባበት መጀመሪያ የያዘ ይመስላል፤ ሙቀትና ንዝረት ሲደጋገምበት ግን ይለቃል። ቪቴው ችፕውዱን አልፎ ከኋላ ካለው ሞራሌ ውስጥ መግባት አለበት፤ ሞራሌው በሚፈለገው ቦታ ከሌለ መጨመር እንጂ በችፕውዱ ብቻ መተማመን አይቻልም።

ከአናቱ ምን አለ

ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ቦታ ሲመርጡ መጀመሪያ የሚታየው ኮርኒሱ ነው። አቡጀዲ የተወጠረበት ወይም የማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋበት ኮርኒስ ካለ፣ ከማሞቂያው አናት እስከ ኮርኒሱ ቢያንስ 1 ሜትር ይተው፤ ጨርቁ ረግቦ የወረደበት ቦታ ካለም ርቀቱ የሚለካው ከረገበው ጫፍ ነው። በሌላው አቅጣጫ የመመሪያው ቁጥር ይከበራል። የእኔ ዝቅተኛ ልክ ከወለሉ 20፣ ከጎንና ከጎኑ 30፣ ከፊቱ 100 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ መመሪያው ከዚህ የበለጠ ከጠየቀ የመመሪያውን፣ ያነሰ ከጠየቀ ደግሞ ይህንኑ እወስዳለሁ።

ከወለሉ የሚተወው ርቀት ለምን እንደሚያስፈልግ ብዙ ሰው አያስተውለውም። በበዓል ቀን የተጎዘጎዘው ቄጠማ በሁለትና በሦስት ቀን ይደርቃል፤ አየር ከሥሩ ወደሚስብ ማሞቂያ ተጠግቶ የቀረ ደረቅ ቄጠማ ደግሞ ለእሳት የተዘጋጀ ጭድ ነው። ከማሞቂያው በላይም ምስማር፣ የልብስ መስቀያ ወይም መደርደሪያ አይኑር። ምስማር ካለ አንድ ቀን ነጠላ ይሰቀልበታል፤ ጋቢ ወይም የሕፃን ልብስ ለማድረቅ ማሞቂያው ላይ ጣል ማድረግ ደግሞ መከላከያው በትክክል ካልሠራ በቀጥታ ቃጠሎ ያስነሣል። በማሞቂያው አካል ላይ የሚታየው፣ መሸፈን ክልክል መሆኑን የሚናገረው ምልክት ስለዚሁ የተቀመጠ ነው።

መሰቀያውን መትከል

በጭቃም ሆነ በጣውላ ግድግዳ ላይ የምመርጠው ዘዴ ማሞቂያውን ከእንጨቱ የሚያርቅ ትንሽ የብረት ፍሬም ማሠራት ነው፤ ማንኛውም ብየዳ ቤት ሊሠራው ይችላል። 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ሁለት ቱቦላሬዎች ወደ ላይ ቆመው በሁለት ቋሚ እንጨቶች ላይ በቪቴ ይታሰራሉ። በእነርሱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከማሞቂያው በየአቅጣጫው 15 ሴንቲ ሜትር የሚተርፍ ላሜራ ይገጠማል። ከላሜራው ፊት ደግሞ በማሞቂያው መሰቀያ ቀዳዳዎች ልክ ሁለት አግዳሚ ቱቦላሬዎች ይበየዳሉ ወይም በቡሎን ይያዛሉ፤ መሰቀያው የሚታሰረው በእነዚህ ላይ ነው። በላሜራውና በግድግዳው መካከል የሚቀረው 2.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ከሥርም ከአናትም ክፍት መሆን አለበት፤ ቀዝቃዛ አየር ከሥር ገብቶ፣ ላሜራው የተቀበለውን ሙቀት ይዞ በአናቱ የሚወጣው በዚህ ክፍተት ነው። ለመልኩ ተብሎ ጠርዙ በጣውላ ወይም በስቱኮ ቢደፈን የፍሬሙ ጥቅም ሁሉ ይቀራል። ላሜራው ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ ቢመታም እንዲሁ ነው፤ ብረት ሙቀትን ስለሚያስተላልፍ ከኋላው ያለውን ጣውላ ያው ይጠብሰዋል።

ባሕር ዛፍ በተለይ ሲደርቅ ጠንካራና በቀላሉ የሚሰነጠቅ እንጨት ነው። ለ5 ሚሊ ሜትር ቪቴ አስቀድሞ በ3.5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ መብሳት ያስፈልጋል፤ ቪቴው ከልስኑና ከምርጊቱ አልፎ ጤነኛው እንጨት ውስጥ ቢያንስ 40 ሚሊ ሜትር መግባት አለበት። ምርጊቱ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ የቱቦላሬው ውፍረት ሲጨመር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቪቴ ይፈለጋል ማለት ነው። ከቪቴው ራስ ሥር ሮንዴላ ይግባ። በምስማር መተካት አይቻልም፤ እንጨት በክረምት እርጥበት ሲያብጥና በበጋ ሲኮማተር ምስማር እያደር ይወጣል። ስትሰረስሩት ዱቄት የሚሆን ወይም ምስጥ የበላው ቋሚ ካጋጠመ ሥራውን ወደ ሌላ ቋሚ ያዛውሩ።

ፍሬሙ ከተተከለ በኋላ በውኃ ልክ ይታይ። ማሞቂያው ዘንበል ካለ አየሩ በታሰበው መንገድ አይዘዋወርም፤ ሙቀቱ በአንድ ጥግ ሲከማች መከላከያው ያለ ጊዜው ሊያቋርጥ ወይም በሚገባው ጊዜ ላያቋርጥ ይችላል። ማሞቂያውን ከመስቀልዎ በፊት ፍሬሙን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ታች በደንብ ይጎትቱት፤ የማሞቂያው ክብደት ጥቂት ኪሎ ግራም ብቻ ቢሆንም ልጅ አንድ ቀን ሊንጠለጠልበት እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

መስመሩና ሶኬቱ

የመስመሩን ሥራ የብቃት ማረጋገጫ ላለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መስጠት ግዴታ እንደሆነ ይቁጠሩት። ባለቤቱ ግን ምን መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ አለበት።

2,000 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል፤ ያውም ለደቂቃዎች ሳይሆን ለሰዓታት። ስለዚህ ከብሬከር ሣጥኑ ተነሥቶ ለእርሱ ብቻ የሚሄድ፣ ሦስት ገመድ ያለው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦና ባለ 16 አምፔር ብሬከር ያስፈልገዋል። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ መቀጠል፣ ወይም ከዲቫይደር ጋር ማያያዝ ክልክል ነው። የቤቱ ጠቅላላ አቅምም ይታሰብ፤ 3,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዚህ ማሞቂያ ጋር አንድ ላይ ሲበራ ከቆጣሪው የሚሳበው 25 አምፔር ይደርሳል። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ማሞቂያው ይጥፋ።

የቮልቴጅ መዋዠቅም በስሌቱ ውስጥ ይገባል። ማሞቂያ የሚፈጥረው ሙቀት በቮልቴጁ ልክ ብቻ ሳይሆን በቮልቴጁ ስኩዌር ልክ ስለሚያድግ፣ በ220 ቮልት 2,000 ዋት የሆነው ማሞቂያ ቮልቴጁ 240 ሲደርስ ወደ 2,380 ዋት ይወጣል። ክፍሉ ትንሽ ከሆነ 1,000 ወይም 1,500 ዋት የሆነውን መምረጥ ግድግዳውንም መስመሩንም ያሳርፋል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ግን መጋጠሚያው ነው። ሶኬቱ የላላ ወይም ሽቦው በሞርሴቱ (ሽቦን በቪቴ አጥብቆ በሚያገናኘው መያዣ) ውስጥ በደንብ ያልጠበቀ ከሆነ በመገናኛው ላይ ግማሽ ኦም የሚያህል ተቃውሞ ሊፈጠር ይችላል። ግማሽ ኦም ትንሽ ይመስላል፤ 9 አምፔር ሲያልፍበት ግን 40 ዋት ሙቀት ይሰጣል። ባቄላ በምታህል ቦታ ላይ፣ በፕላስቲክ ውስጥ፣ ከጣውላ ጋር ተጣብቆ 40 ዋት ሙቀት ሰዓታት ሙሉ ሲቆይ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም። ብሬከሩም አይወርድም፤ የሚያልፈው 9 አምፔር ያው ትክክለኛው መጠን ስለሆነ ብሬከሩ ስህተት አያይበትም። ስለዚህ ሶኬቱ አዲስ፣ ባለ 16 አምፔርና ሲሰካ አጥብቆ የሚይዝ ይሁን፤ በእንጨት ላይ ሲገጠምም በማይቀጣጠል ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ቦታው ከማሞቂያው ጎን ይሆናል፤ ከማሞቂያው አናት በቀጥታ ሶኬት መኖር የለበትም፤ የማሞቂያው ገመድም በአናቱ ወይም በፍርግርጉ ፊት አይለፍ።

ሽቦው በእንጨትና በጭቃ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው በቱቦ ውስጥ ሆኖ ነው። ጭቃ ቤት ውስጥ አይጥ መኖሩ የተለመደ ነው፤ የሽቦን ልባስ መቆርጠምም ታውቃለች። በግድግዳው ውስጥ ተቀጥሎ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ፈጽሞ አይቅበር፤ ናስትሮው ሲደርቅ ይላቀቃል፣ ከዚያ በኋላም የሚያየው የለም። መቀጠል የግድ ከሆነ መክፈቻ ባለው ሣጥን ውስጥ በሞርሴት ይሁን።

የቆዩ ብዙ ቤቶች መስመር ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ የመሬት ሽቦ የለውም። አካሉ ብረት የሆነ ማሞቂያ ያለ መሬት ሽቦ ቢሠራ፣ የውስጥ ሽቦው አካሉን በነካ ጊዜ የሚነካው ሰው ራሱ የመሬት ሽቦ ይሆናል። በማሞቂያው ላይ አንዱ ካሬ በሌላው ካሬ ውስጥ የተሣለበት ምልክት ካለ መሬት ሽቦ አይፈልግም፤ ምልክቱ ከሌለ ግን ባለሙያው የመሬት ዘንግ ቀብሮ መስመሩን ያገናኝ። ከላይ የተገለጸው የብረት ፍሬም ሽቦ ቢነካው ሊይዝ ስለሚችል ከዚሁ መሬት ጋር ይታሰር። በዚህ ላይ 30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ ሲያይ የሚያቋርጥ መከላከያ ብሬከር ቢጨመር ወጪው አያስቆጭም።

ከተገጠመ በኋላ

የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት መስኮት ከፍተው ያብሩት፤ ከፋብሪካው የቀረው ዘይት ሲቃጠል የሚያመጣው ሽታ በዚህ ጊዜ ውስጥ መጥፋት አለበት። ሁለት ሰዓት ሲሞላው፣ ማሞቂያው እንደበራ፣ ከላሜራው ኋላና ከአናቱ በላይ ያለውን እንጨት በሙቀት መለኪያ ይለኩ። በእጅ መዳሰስ ብቻውን ያሳስታል፤ እንጨት ሙቀቱን ወደ እጅ የሚያስተላልፈው ቀስ ብሎ በመሆኑ እኩል ከሞቀ ብረት ይልቅ የቀዘቀዘ ይመስላል። ንባቡ ከ60 ዲግሪ ካለፈ ማሞቂያውን ያጥፉና ክፍተቱን ያስፉ። ሶኬቱንም ከማሞቂያው ብሬከር አጥፍተው ወዲያውኑ ይንኩት፤ ለብ ማለቱ ያለ ነው፣ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ወይም ነጩ ፕላስቲክ ቢጫ ካለ ግን ይለወጥ።

በእኛ አገር ሁኔታ አንድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ሰዉ ማሞቂያውን ረስቶ ይወጣል፤ በመጠምዘዣ የሚሠራው ማሞቂያ ደግሞ መብራት ሲመጣ ማንም ሳይነካው ራሱ ይበራል። ባዶ ቤት ውስጥ፣ ምናልባትም ልብስ ወድቆበት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር የማሞቂያውን ብሬከር ማውረድ ለቤተሰቡ ሁሉ የታወቀ ሥርዓት ይሁን፤ የሚወርደው ብሬከር የትኛው እንደሆነም ሣጥኑ ላይ ይጻፍበት።

እሳት ቢነሣ መጀመሪያ ዋናው ብሬከር ይውረድ፤ ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ውኃ አይረጭ። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ነፃ ስልክ 939 ነው። በጭቃ ግድግዳ ላይ የታየው ነበልባል ጠፋ ማለት እሳቱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ በምርጊቱ ውስጥ ያለው ጭድና ማገር ሳይታይ እየጨሰ ሄዶ ከሰዓታት በኋላ በሌላ ቦታ ሊወጣ ስለሚችል፣ በዚያ አካባቢ ያለው ምርጊት ፈርሶ እንጨቱ እስኪታይ ድረስ ይፈተሽ።

ከገጠሙት ከአንድ ሳምንት በኋላ ቪቴዎቹን እንደገና ያጥብቁ፤ እንጨቱ ከሙቀቱ የተነሣ ደርቆ ትንሽ ይኮማተራል። በአቧራ ወራት ፍርግርጉን ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ። በየዓመቱም በጥቅምት፣ ብርዱ ሳይጠና፣ ማሞቂያውን ከመሰቀያው አውርደው ከኋላ ያለውን ግድግዳ በባትሪ ይመልከቱ። እንጨቱ ቀለሙን ካልለወጠ መልሰው ይስቀሉት፤ ቡናማ ነገር ካዩ፣ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ያ ጣውላ ወይም ቋሚ ሳይቀየርና ክፍተቱ ሳይሰፋ ማሞቂያው እዚያ ቦታ አይመለስ።